ጡጦ መቀቀል መቼ ይቁም?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለ ጡጦ። ዕቃዋ ትንሽ ናት፤ ይዛው የምትመጣው ጣጣ ግን ትንሽ አይደለም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ፣ አሁን አሁን ደግሞ በዙሪያው ባለው ገጠር ጭምር፣ ልጅ ያዘለች እናት ጡጦ ይዛ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጡጦ በገባበት ቤት ሁሉ ደግሞ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ልጄ ይኸው አደገ። መዳህ ጀመረ። መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አንሥቶ አፉ ይከታል። ታዲያ ጡጦውን ዕለት ዕለት መቀቀሌን አሁን ባቆም ምን አለበት?» የሚል ነው።

ጥያቄው የስንፍና ጥያቄ አይደለም። ጡጦ የሚቀቀለው በእንጨት ነው። እንጨቱን የምትሸከመው፣ ውሃውን የምትቀዳው፣ እሳቱን የምታቀጣጥለው፣ ጭሱን የምትችለው ያችው ልጅ ያዘለችው እናት ናት። ልጁ በቀን አምስት ጊዜ ከጡጦ ቢጠጣ አምስት ጊዜ ምድጃ ሥር መንበርከክ ሊሆን ነው። የአረም ጊዜ፣ የአጨዳ ጊዜ፣ የበርበሬ ለቀማ ጊዜ ሲደርስማ እንዴት ይቻላል? ስለዚህ «መቼ ልረፍ?» ብላ የምትጠይቅ እናት ልትመሰገን እንጂ ልትወቀስ አይገባም። የሚያስፈራው ሳይጠይቁ ማቆም ነው።

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ግን መሠረቱን እናንሣ። ሕፃን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። በበጋ ሙቀትም ቢሆን አይጠማም፤ የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነውና። መጀመሪያ የሚወጣው ብጫ እንገርም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር የሞላበት ስለሆነ ታልቦ የሚደፋ አይደለም። በአገራችን ልማድ ሕፃን እንደተወለደ ለጋ ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ስኳር በጥብጦ መስጠት አለ። አያቶች ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ጉሮሮው ይለስልስ፣ ሆዱ ይጽዳ ብለው ነው። ሆኖም ያ ቅቤና ያ ውሃ ለጋ ወደሆነው አንጀት በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት 6 ወር ካልሞላቸው 100 ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 ያህል ነበሩ። ለቀሩት ውሃውም፣ የላም ወተቱም፣ አጥሚቱም ቀድሞ ተጀምሮላቸው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ጡት ብቻ አጥቡ!» ብሎ ስብሰባውን መበተን ቀላል ነበር። ግን የሁሉንም ቤት ችግር አይነካም። እናቱ በወሊድ የሞተችበት ሕፃን አለ። እናቱ ታማ የተኛችበት አለ። እናቱ ለቀን ሥራ ማልዳ ወጥታ ማታ የምትመለስበት፣ ወይም አረብ አገር ሄዳ ለአያቱ የተተወ ልጅ አለ። ለእነዚህ ልጆች ወተት ከውጭ መምጣቱ የግድ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት «ልጄን አስይዘዋለሁ» ብላ በራሷ ውሳኔ ጡት ከልክላ ወደ ጡጦ መሮጥ አይገባትም። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች፣ ጤና ጣቢያ እየተከታተለች፣ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ ነው ዛሬ የሚመከረው። ለልጁም የሚሰጠው መድኃኒት አለ።

ታዲያ ጡጦ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ለምን ተለይታ ትቀቀላለች? ሲኒም እኮ ዕቃ ነው፤ ማንኪያም ዕቃ ነው። ነገሩ የጡጦ አፈጣጠር ነው። አፏ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባባትም። ጎማዋ ቀጭን ቀዳዳ አለው። ክዳኗ የሚጠመዘዝበት ቦታ ጠርዝ ጠርዝ አለው። ወተቱ በዚያ ሁሉ ስርቻ ውስጥ ይለጠፋል። በውሃ ለቅለቅ ቢያደርጓት ከላይ የጸዳች ትመስላለች፤ በጎማው ውስጥ ግን የሚያዳልጥ ነገር ይቀራል። ወተት ለልጅ ጥሩ ምግብ እንደሆነ ሁሉ፣ በዓይን ለማይታዩት ተሐዋስያንም ጥሩ ምግብ ነው።

እስቲ ቁጥር በመማራችን ያገኘነውን ጥቅም እንይ። እርሳስና ወረቀት አውጡ። ተቅማጥ ከሚያመጡት ተሐዋስያን መካከል ምግብና ሙቀት ሲመቻቸው በየ20 ደቂቃው አንዱ ሁለት የሚሆኑ አሉ። እንበልና አንዲት እናት ጠዋት በ2 ሰዓት ወደ ቡሬ ገበያ ስትሄድ ጡጦውን ሞልታ ለታላቅ እኅቱ ትታ ወጣች። በጎማው ውስጥ ከትናንት የቀረ አንድ ተሐዋስ ብቻ ነበር እንበል፤ አንድ ብቻ! በ3 ሰዓት ላይ 8 ይሆናል። በ4 ሰዓት 64። በ5 ሰዓት 512። በ6 ሰዓት 4,096። በ7 ሰዓት 32,768። በ8 ሰዓት 262,144። እናቲቱ በ9 ሰዓት ጨውና ሳሙናዋን ይዛ ስትመለስ 2,097,152 ሆኗል። ብርድ ባለበት ቤት ይዘገያል፤ ሙቀት ባለበት ይፈጥናል። ከአንድ ሳይሆን ከመቶ የጀመረ እንደሆነስ? ስሌቱን ለእናንተ እተዋለሁ።

«ልጁ አፈር ይበላ የለም ወይ?» ለሚለው መልሱ እዚህ ስሌት ውስጥ አለ። ልጅ ጣቱን መሬት ላይ አሽቶ ሲልስ ጥቂት ተሐዋስያን ይገባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ይቋቋማቸዋል። የዶሮ ኩስና እበት ያለበት መሬት እርግጥ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ይራቅ። ያልጸዳ ጡጦ ውስጥ ያደረ ወተት ግን ጥቂቱን ሳይሆን ሚሊዮኑን በአንድ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ይገለብጠዋል። አንድ ሌባ ጓሮ ገባ ማለትና ሽፍታ መንደር ወረረ ማለት አንድ አይደለም። ስለዚህ ልጁ አፈር መላሱ ጡጦ መቀቀል ለማቆም ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ልጅ መዳህ የሚጀምርበት፣ ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምርበት፣ ከእናቱ የወሰደው የበሽታ መከላከያ የሚቀንስበት ጊዜ በአንድ ላይ ይገጥማል። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው ወራት ተቅማጥ የሚበረታበት ጊዜ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ደግሞ ከሩቅ ስለሚመጣ ምክር እንነጋገር። ከመካከላችሁ ልጃችሁ ወይም እኅታችሁ ውጭ አገር ያለች ትኖራለች። በስልክ «እዚህ እኮ ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው መቀቀል ያቆማሉ፤ ለምን ትደክሚያለሽ?» ትላለች። ውሸቷን አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ተቋም በየቀኑ መቀቀልን አጥብቆ የሚመክረው በተለይ 2 ወር ላልሞላው፣ ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም በሽታ የመቋቋም አቅሙ ለደከመ ሕፃን ነው። ለትልቅና ለጤነኛ ልጅ ግን በጠጣ ቁጥር ዕቃው በደንብ ከታጠበ መቀቀሉ ላያስፈልግ ይችላል ይላል። የእንግሊዝ አገር የጤና አገልግሎት ደግሞ ቢያንስ 12 ወር እስኪሞላው አታቁሙ ይላል። ሁለቱም የሠለጠነ አገር ነው፤ ሁለቱም ውሃው ተጣርቶ በቧንቧ ማድ ቤት ድረስ ይገባል። እነሱ እንኳ በአንድ ቃል አልተስማሙም።

እኛስ? የእኛ ውሃ ከቦኖ ተቀድቶ በጀሪካን ይጓዛል፤ ወይም ከምንጭ በእንስራ ይመጣል። ቦኖው ላይ ንጹሕ የነበረው ውሃ ጀሪካኑ ካልታጠበ፣ መቅጃው መሬት ላይ ከተቀመጠ፣ ቤት ሲደርስ ያው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ከብቱ ከደጅ ነው፤ ዝንቡም ከከብቱ ጋር ነው። መጸዳጃ ቤት ያልቆፈረ ጎረቤትም ይኖራል። እንግዲህ ልጅቷ በስልክ የምትሰጠው ምክር ባለችበት አገር ትክክል ነው። ምክሩ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ውሃውና ቧንቧው ግን አብረውት አልመጡም። ጡጦ መቀቀል የሚቆምበትን ጊዜ የሚወስነው የልጁ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ውሃው፣ እጁና ዝንቡም ጭምር ነው።

የሠለጠነው አገርም ቢሆን ይህን የተማረው በልጆቹ ሞት ነው። ከ150 ዓመት ገደማ በፊት በእንግሊዝ አገር ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው ጡጦ ወጥቶ ነበር። ሕፃኑ ተኝቶ በቱቦው ይስባል፤ እናቲቱ ሥራዋን ትሠራለች። ቱቦው ግን አይታጠብም። በ1861 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ አንድ ዝነኛ የቤት አያያዝ መጽሐፍ፣ ጎማው አንዴ ከተገጠመ አዲስ እስኪተካ ድረስ ማውጣት አያስፈልግም፣ ይህም ቢበዛ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው ብሎ ይመክር ነበር። ሁለት ሳምንት! ወተቱ በቱቦው ውስጥ እየተበላሸ ስንቱን ሕፃን እንደጨረሰ እግዚአብሔር ይወቀው። በኋላ ሕዝቡ ራሱ «ነፍሰ ገዳይ ጡጦ» ብሎ ስም አወጣለት። ፈረንሳይ በ1910 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሕግ ከለከለችው።

በቅርቡም ዘመን የወተት ዱቄት ነጋዴዎች በድሃ አገሮች «ጡጦ የሥልጣኔ ምልክት ነው» በሚያሰኝ ማስታወቂያ እናቶችን ከጡት ሲያስወጡ በዓለም ላይ ትልቅ ቁጣ ተነሥቷል። በግንቦት 1973 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትክ ስለሚሸጥበት ሁኔታ ደንብ አወጣ። 118 አገሮች ደገፉ፤ አንዲት አገር ብቻ፣ አሜሪካ፣ ተቃወመች። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ወፍራም ሕፃን ዱቄቱን የጠጣው በምን ውሃ እንደሆነ ሥዕሉ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ምድጃችን እንመለስ። መቀቀል ካለብን በትክክል እንቀቅል። ተራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ በተለይ በርበሬ ስትቀነጥሱ ወይም እበት ስትጠፈጥፉ ከዋላችሁ። ጡጦዋ ትፈታለች፤ ጎማው፣ ቀለበቱ፣ ጠርሙሱ ለየብቻ። ልጁ ጠጥቶ እንደጨረሰ ወዲያው ሳይደርቅ በሳሙናና በውሃ ትታጠባለች። ውስጧ በብሩሽ ይፈተጋል፤ ብሩሹ ለሌላ ሥራ አይውልም። ጎማው ወደ ውጭ ተገልብጦ ይታሻል፤ በቀዳዳው ውሃ ይጨመቅበታል። ይህ ሳይሆን ቢቀቀል የተለጠፈው ወተት ተሐዋስያኑን ሸፍኖ ይጠብቃቸዋል፤ እንጨቱ በከንቱ ይነዳል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ሁሉ ለዚህ በተለየ ንጹሕ ድስት ውስጥ ይገባል። ውሃው ይሸፍነው፤ በጠርሙሱ ውስጥ አየር አይቅር። ድስቱ ይከደንና ይጣዳል።

ሰዓት የሚቆጠረው ድስቱ ከተጣደ ጀምሮ አይደለም፤ ውሃው ከተንተከተከ ጀምሮ ነው። 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ስልክ ያለው በስልኩ ይይ፤ የሌለው ከ1 እስከ 60 ቀስ ብሎ እየቆጠረ 10 ጊዜ ይመልስ። «5 ደቂቃ አይበቃም ወይ?» ብትሉ፣ አገራችን ደጋና ወይና ደጋ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ቡሬ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ የፈላው ውሃ ሙቀት ግን ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ እኛ ዘንድ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ተሐዋስያኑ በዚህም ይሞታሉ፤ ነገር ግን ደቂቃ ቀንሰን የምንቆጥበው እንጨት የለንም። ከፈላ በኋላ ዕቃው እስኪፈለግ ድረስ እዚያው ድስት ውስጥ እንደተከደነ ይቆይ። አውጥቶ በነጠላ ጫፍ መጥረግ፣ በመሶብ ክዳን ላይ ማስጣት፣ እፍ ብሎ አቧራ ማራገፍ፣ ይህ ሁሉ የለፉበትን መልሶ ማፍረስ ነው። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣበቀ ይጣል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ላይ ጎማ ገጥሞ ማጠጣትም አይሆንም፤ ያ ፕላስቲክ ሲቀቀል ይጨማደዳል። ለመቀቀል ያልተሠራ ዕቃ ደግሞ ለሕፃን ጡጦ አይሆንም።

የዱቄት ወተትን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዱቄቱ ራሱ ፈጽሞ ከተሐዋስያን የጸዳ አይደለም። ስለዚህ የሚበጠበጠው ፈልቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ባልቆየ፣ ገና በሚያቃጥል ውሃ ነው። ከዚያ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማብረድና በክንድ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር ነው። ከተበጠበጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፤ ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ይደፋ። ቆርቆሮው እንዲበረክት ብሎ ማቅጠንም አይገባም፤ ሆዱ በውሃ ሞልቶ ልጁ ይከሳል። ማንበብ የቻላችሁ ደግሞ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ቀን እዩ። ያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! በእኛ ዘመን አቆጣጠር ስታነቡት ገና ሰባት ስምንት ዓመት የቀረው ይመስላችኋል። ከጥር እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 8 ቀንሱ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ቀንሱ። 2026 የሚለው በእኛ 2018 ወይም 2019 ነው እንጂ ሩቅ አይደለም። የላም ወተትም ቢሆን 6 ወር ላልሞላው ሕፃን አይስማማም። 6 ወር ላለፈው ሲሰጥ ይፈላ፤ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና የከብት ውርጃ በሽታን ወደ ሰው ያስተላልፋል።

እንግዲህ መቼ ይቁም? በእኛ አገር ሁኔታ የኔ መልስ ይህ ነው። ልጁ 12 ወር ሳይሞላው አታቁሙ። ዓመት ከሞላው በኋላም ለማቆም ልጁ ጤነኛ፣ ክብደቱ ጤና ኬላ ሲመዘን የሚጨምር ይሁን። ውሃው ከተጠበቀ ምንጭ ወይም ከቦኖ የመጣና ቤት ውስጥ የታከመ ይሁን፤ ተፈልቶ ወይም ውሃ አጋር በመመሪያው መሠረት ተጨምሮበት። ሳሙና በቤት ይኑር። ዕቃው ወዲያው የሚታጠብበትና ዝንብ በማይደርስበት ንጹሕ ቦታ ተደፍቶ የሚደርቅበት ሥርዓት ይኑር። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መቀቀሉ ይቀጥላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ከሲታ ልጅ ያላት እናት ከማቆሟ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ትጠይቅ። ቀበሌ ውስጥ የተመደቡት ለዚህ ነው፤ የጡጦ ነገር ብሎ ማፈር አያስፈልግም።

ወቅቱም ይታያል። የልጁ ዓመት በሐምሌ ቢሞላ በሐምሌ አታቁሙ። በክረምት የላህም የፈጠምም ወንዝ ይደፈርሳል፤ ጎርፉ የሜዳውን ቆሻሻ ጠርጎ ምንጭ ውስጥ ያስገባል። ጥቅምት ገብቶ ውሃው እስኪጠራ ጠብቁ። መቀቀል ካቆማችሁ በኋላም በአካባቢው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ገባ የተባለ እንደሆነ፣ ወይም ልጁ ተቅማጥ ከያዘው፣ ድስቱ እንደገና ይጣዳል። ማቆም ማለት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ መማል አይደለም።

ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ጡቱን አትከልክሉት፤ አዘውትራችሁ አጥቡት። ከጤና ኬላ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ውሰዱ። የአንድ ሊትሩን ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ በሦስት የቢራ ጠርሙስ ውሃ በጥብጡት፤ ያ ወደ 1 ሊትር ይመጣል። በየጊዜው በማንኪያ ጠብ ጠብ አድርጉለት። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋ። የዚንክ እንክብልም ይሰጣችኋል፤ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘው ቀን እስኪሞላ አታቋርጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የሮታ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል፤ ከተቅማጥ ዓይነቶች አንዱን ከባድ ዓይነት ይከላከላል። ሁሉንም ግን አይከላከልም፤ ስለዚህ ክትባቱን ተከትበናል ብሎ ድስቱን ማስቀመጥ አይቻልም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ዓመት ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ!» ብላችሁ እንደደነገጣችሁ ፊታችሁ ይነግረኛል። ከዚህ ሸክም መውጫ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደውም እሱን ነው። ልጁ ከጡጦ ይልቅ በስኒ ይጠጣ። ስኒ አፉ ሰፊ ነው፤ ጣት ይገባበታል፤ ስርቻ የለውም፤ ቆሻሻው በዓይን ይታያል። ትንሽ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ስኒ በሳሙናና በሙቅ ውሃ በደንብ ታጥቦ በፈላ ውሃ ቢለቀለቅ የጡጦን ያህል ጣጣ የለውም። ለአራስ ሕፃን ሲሆን ስኒውንም መቀቀል ይሻላል፤ እያደገ ሲሄድ ግን መታጠቡ ይበቃዋል። ብዙ ሰው «ስኒ ጥርስ ላወጣ ልጅ ነው» ይላል። አይደለም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እንኳ በሆስፒታል በስኒ ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጡት ለማይጠባ ሕፃን ከጡጦ ይልቅ ስኒን ይመክራል። ስኒ የያዘ ሰው ደግሞ ልጁን አቅፎ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል፤ ጡጦ እንደሆነ በትራስ ተደግፎ ብቻውን አፉ ላይ ተሰክቶ ይተዋል።

ወደ ሥራ የምትሄድ እናትም የራሷን ወተት በንጹሕ እጅ አልባ፣ በተቀቀለና በተከደነ ዕቃ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ማስቀመጥ ትችላለች። ቤት ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ይቆያል። እስከዚያ ድረስ ታላቅ እኅቱ ወይም አያቱ በስኒ ያጠጡታል። አባትም ይችላል፤ ስኒ መያዝ የሴት ብቻ ሥራ ነው የሚል ሕግ የለም።

አጠጣጡ ቀላል ነው። ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ጋደም ብሎ አይጠጣ። እጆቹ እንዳይመቱት በነጠላ ሸብ አድርጉት። ስኒውን እስከ ግማሽ ሙሉና ጠርዙን የታች ከንፈሩ ላይ አሳርፉት። ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ዘንበል አድርጉት፤ አፉ ውስጥ ግን አታፍስሱት፤ ትን ይለዋል። ትንሹ ሕፃን በምላሱ ላስ ላስ ያደርጋል፤ ትልቁ ፉት ይላል። ሲያቆም እናንተም ጠብቁት፤ ሲፈልግ እንደገና አፉን ይከፍታል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀኖች ግማሹ ወተት ልብሱ ላይ ይፈሳል፤ ስለዚህ ከአገጩ ሥር ጨርቅ አንጥፉለት፤ የፈሰሰውንም ገምታችሁ ጨምሩለት።